የተሰበሩ የፕላስቲክ ዕቃዎችን በባለ ሁለት ክፍል ማጣበቂያ መጠገን፦ የሚጠገነውንና የማይጠገነውን መለየት

የፕላስቲክ ዕቃ የሌለበት ቤት የለም። የውኃ ጀሪካን፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት ክዳን፣ የመኪና የኋላ መብራት ሽፋን ሲሰበሩ አዲስ መግዛት ወጪ ያስከትላል፤ መጣሉም አካባቢን ያቆሽሻል። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ባለ ሁለት ክፍል ማጣበቂያ ገዝተው በቤታቸው ለመጠገን ይሞክራሉ። ይሁን እንጂ ጥገናው በአንዱ ዕቃ ላይ ለዓመታት ሲጸና፣ በሌላው ላይ በማግሥቱ ይላቀቃል። የልዩነቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ የማጣበቂያው ጥራት ሳይሆን ዕቃው የተሠራበት የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ከዚህም በላይ፣ የጸና ቢመስልም ጤናንና ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ጥገና አለ። ይህ ማብራሪያ ማጣበቂያው የሚሠራበትንና የማይሠራበትን፣ እንዲሁም ፈጽሞ መሞከር የሌለበትን ለይቶ ለማሳወቅ የተዘጋጀ ነው።

ማጣበቂያው እንዴት ይሠራል?

ከባለ ሁለት ክፍል ማጣበቂያዎች በስፋት የሚታወቀው ኢፖክሲ ነው። አንዱ ክፍል ሬዚን የሚባለው ሙጫ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሃርድነር የሚባለው ማጠንከሪያ ነው። ሁለቱ ለየብቻቸው ሲቀመጡ አይጠነክሩም፤ ሲደባለቁ ግን በመካከላቸው ኬሚካላዊ ለውጥ ተካሂዶ ወደ ጠንካራ አካል ይለወጣሉ። ስለዚህ ማጣበቂያው የሚጠነክረው እንደ ቀለም በመድረቅ አይደለም። በፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም ማራገብ የመጠኑን ስሕተት አያርመውም።

ከዚህ የሚከተለው ዋና ነገር የመጠን ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ምርቶች እኩል በእኩል የሚደባለቁ ሲሆኑ፣ በተለየ መጠን የሚደባለቁም ስላሉ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መከተል ያስፈልጋል። «ቶሎ እንዲጠነክር» በሚል ማጠንከሪያ መጨመር ጥገናውን ያበላሻል፤ የተረፈው ክፍል የሚጣመረው ስለማያገኝ ማጣበቂያው ለስላሳና ደካማ ሆኖ ይቀራል።

የሙቀት መጠንም ሚና አለው። ፈጣኑ ዓይነት ከተደባለቀ በኋላ ለሥራ የሚመቸው ለ5 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ጊዜ ሲረዝም፣ በሰመራ ሙቀት ግን ያጥራል። በመሆኑም በቆላማ አካባቢ በጥቂት በጥቂቱ መደባለቅ፣ በደጋ ደግሞ ረዘም ያለ የመጠንከሪያ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው።

የፕላስቲኩን ዓይነት መለየት

በብዙ የፕላስቲክ ዕቃዎች ሥር በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ታትሞ ይገኛል። ማጣበቂያ ከመግዛት በፊት ይህን ቁጥር መመልከት ይገባል።

ቁጥር 2 እና 4 ፖሊኤቲሊን፣ ቁጥር 5 ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን ናቸው። ጀሪካን፣ በተለምዶ ሮቶ የሚባለው የውኃ ማጠራቀሚያ፣ አብዛኛው ሳፋና ባልዲ እንዲሁም በርካታ የፕላስቲክ ወንበሮች ከእነዚህ የተሠሩ ናቸው። ገጻቸው እንደ ሰም ስለሆነ ተራ ኢፖክሲ አይዛቸውም፤ ጠንክሮ ቢታይም እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ይወድቃል። ለእነዚህ ተብለው የሚመረቱ ልዩ ማጣበቂያዎች ቢኖሩም፣ በማሸጊያቸው ላይ ለፖሊኤቲሊንና ለፖሊፕሮፒሊን እንደሚያገለግሉ በግልጽ የተጻፈባቸው መሆን አለባቸው።

ቁጥር 6 ፖሊስታይሪን ነው። ቁጥር 7 ደግሞ ሌሎች ዓይነቶችን የሚያካትት ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል የሬዲዮና የቴሌቪዥን አካል የሚሠራበት ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገኝበታል። ፖሊስታይሪንና ኤቢኤስ ገጻቸው በአግባቡ ከተዘጋጀ ኢፖክሲ ይይዛቸዋል።

ቁጥሩ ከሌለ ወይም ከጠፋ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ከተሰበረው ጠርዝ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ ጥቂት ሳሙና በተጨመረበት ውኃ ውስጥ መጫን ነው። ተመልሶ ከተንሳፈፈ ፖሊኤቲሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ ከሰጠመ ግን ከሌሎቹ ዓይነቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ዓይነቱን ለመለየት ፕላስቲክ ማቃጠል መርዛማ ጭስ ስለሚያስከትል አይመከርም።

የአጠጋገን ቅደም ተከተል

1. የተሰበሩትን ክፍሎች በሳሙናና በውኃ አጥቦ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ። ቅባትና አቧራ ማጣበቂያው ገጹን እንዳይዝ ያደርጋሉ።

2. የሚገጣጠሙትን ጠርዞች በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፤ ከዚያም በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ኤቢኤስንና ፖሊስታይሪንን ስለሚያሟሟ መጠቀም አይገባም።

3. ከመደባለቅ በፊት ክፍሎቹን ያለ ማጣበቂያ ገጣጥሞ መሞከርና ማሰሪያውን ማዘጋጀት። ስንጥቅ ከሆነ፣ ስንጥቁ በሚያበቃበት ነጥብ ላይ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት እንዳይቀጥል ይረዳል።

4. የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ በካርቶን ወይም በቆርቆሮ ክዳን ላይ አውጥቶ፣ አንድ ወጥ መልክ እስኪይዝ ድረስ በስቴኪኒ ወይም በትንሽ እንጨት በደንብ መደባለቅ።

5. በሁለቱም ጠርዞች ላይ በስሱ ቀብቶ መግጠም፤ በስኮች፣ በላስቲክ ወይም በልብስ መቆንጠጫ አስሮ መያዝ። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ማጣበቂያውን ከመካከል ገፍቶ ያስወጣዋል።

6. ጠርዝ ለጠርዝ ብቻ የተጣበቀ ስስ ፕላስቲክ በቀላሉ ስለሚለያይ፣ ከማይታየው ወገን በማጣበቂያ የራሰ ቁራጭ ጨርቅ ደርቦ ማጠናከር።

7. ዕቃውን ሳያንቀሳቅሱ ማቆየት። ፈጣኑ ዓይነት በአንድ ሰዓት ውስጥ የጠነከረ ቢመስልም፣ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት በአብዛኛው 24 ሰዓት ያስፈልገዋል።

በማጣበቂያ መጠገን የሌለባቸው ዕቃዎች

የሚከተሉት ዕቃዎች ቢጣበቁም እንኳ ለቀደመ አገልግሎታቸው መመለስ የለባቸውም፦

• የመጠጥ ውኃና የምግብ መያዣዎች፣ በተለይም የሕፃናት ጡጦ። ለምግብ ንክኪ ተብሎ ያልተመረተ ማጣበቂያ ወደ ምግቡ ሊገባ የሚችል ኬሚካል አለው።

• የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ ማብሪያና ማጥፊያ እንዲሁም ማካፈያ። የተሰነጠቀ ሽፋን የኤሌክትሪክ አደጋና እሳት ሊያስከትል ስለሚችል በአዲስ ይተካል።

• የጋዝ ምድጃ ቱቦና መቆጣጠሪያ፣ የነዳጅ መያዣ እንዲሁም በግፊት የሚሠራ ማንኛውም ዕቃ።

• የሞተር ሳይክልና የግንባታ ሠራተኞች ሄልሜት። አንድ ጊዜ የተሰነጠቀ ሄልሜት ሁለተኛ ምት አይችልም።

• የሰውን ክብደት የሚሸከሙ ወንበርና መሰላል፣ እንዲሁም ለከፍተኛ ሙቀት የሚጋለጡ እጀታዎች። ብዙዎቹ የቤት ውስጥ ኢፖክሲዎች ሙቀት ሲበዛባቸው ይለሰልሳሉ።

የተሰነጠቀ ጀሪካን ወይም ሳፋን በተመለከተ፣ በጋለ ብረት ፕላስቲኩን አቅልጠው የሚጠግኑ ባለሙያዎች በየገበያው ስለሚገኙ፣ በተራ ኢፖክሲ ከመሞከር ይልቅ ወደ እነርሱ መውሰድ የተሻለ ነው። ዕቃው የማይጠገን ከሆነ ችግኝ ለማፍላት ማዋል ወይም ለቆራሌ መስጠት ይቻላል።

በአጠቃቀም ወቅት የሚደረግ ጥንቃቄ

ያልጠነከረ ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፤ በተደጋጋሚ የሚነካው ሰው ዘላቂ አለርጂ ሊይዘው ይችላል። ስለሆነም ጓንት ማድረግና መስኮት ከፍቶ መሥራት ያስፈልጋል። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በሳሙናና በውኃ መታጠብ እንጂ በቤንዚን ወይም በሌላ ማሟሟያ ማሸት አይገባም። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ እያጠቡ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። በብዛት የተደባለቀ ማጣበቂያ በአንድ ዕቃ ውስጥ ከቆየ በራሱ ሊግልና ሊጨስ ይችላል። ምርቱን ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥም ግዴታ ነው።

በግዢ ወቅት

የመደባለቂያው መጠን፣ የሚያገለግልበት የፕላስቲክ ዓይነት፣ የመጠንከሪያው ጊዜና የአገልግሎት ማብቂያው ቀን በማሸጊያው ላይ መጻፋቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅና ደረሰኝ ተቀብሎ መያዝ ተገቢ ነው።

በአጠቃላይ፣ ከመጠገን በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይበቃል፦ ይህን ፕላስቲክ ማጣበቂያው ይይዘዋልን? ጥገናው ቢላቀቅ የሚጎዳ ሰው አለን? የመጀመሪያው መልስ «አዎ»፣ የሁለተኛው «የለም» ከሆነ ዕቃውን መጠገን ወጪን ይቆጥባል። የሁለተኛው መልስ «አለ» ከሆነ ግን ዕቃውን መተካት ከማንኛውም ቁጠባ ይቀድማል።