ቀለምን ያልጠቀሰው ሕግና የካርቱም ጥቁር ሴቶች

የጥቁር ሴቶች ጥያቄ በካርቱም ሲነሣ በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ «ጥቁር» የሚለው መለያ በሱዳን ከቆዳ ቀለም ይልቅ የትውልድ ሐረግን የሚያመለክት መሆኑ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሪያ ፈንጋዮች ይዘምቱባቸው ከነበሩት ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ የመጡ ሰዎችን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ፣ ባርነት በሕግ ከቀረም በኋላ አልጠፋም።

ይህ ልማድ የከተማይቱ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ሆኖ የጎላው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቀሰቀሰው የደቡብ ጦርነት፣ ተከታዩ ድርቅና በ2003 የጀመረው የዳርፉር ጦርነት ተፈናቃዮችን እንደ ማዮ ወዳሉ የዳርቻ ሰፈሮች በገፉበት ጊዜ ነው። ቤተሰባቸውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴቶች በጥቂት ገንዘብ የሚጀመር ሥራ ሲሹ፣ ገሚሶቹ በከሰል ምድጃ ዙሪያ በርጩማ ደርድረው ሻይና ቡና መሸጥ፣ ገሚሶቹም መሪሳ የተባለውን የማሽላ ጠላና አረቂ ማዘጋጀት ያዙ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰደዱ ሴቶችም በሻይና ቡና ንግዱ ተሰማርተዋል።

መጠጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በታወጁት የሸሪዓ ሕጎች ተከልክሎ ስለነበር፣ ጠማቂዎቹ ይገረፉ ወይም በኦምዱርማን የሴቶች ወህኒ ቤት ይታሰሩ ነበር። የአደባባይ ሥነ ምግባርን የሚቆጣጠረው የካርቱም ግዛት የ1996 የሕዝብ ሥርዓት ሕግ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ደግሞ፣ «ከሻ» በሚባለው አፈሳ የሻይ ሻጮቹ ዕቃ ይወረስ፣ እነርሱም መቀጫ ይከፍሉ ነበር። ሱሪ በመልበሷ የተከሰሰችው ጋዜጠኛ ሉብና አል ሑሴን በ2009 የዓለምን ትኩረት ብትስብም፣ የአፈሳው ዋና ሸክም ያረፈው ስማቸው ባልተሰማ የጎዳና ነጋዴዎች ላይ ነው። ሕጉ ስለ ዘርና ቀለም አንዳች ባይናገርም፣ ኑሮዋን ለመግፋት አደባባይ መዋል ግድ የሆነባት ተፈናቃይ ሴት ከማንም በላይ ለፖሊስ ዓይን ተጋልጣለች።

ለዚህ የተሰጠው ጽኑ ምላሽ መደራጀት ነበር፤ የኑባዋ ተወላጅ አወዲያ ማሕሙድ ኮኮ የሻይና የምግብ ሻጮችን የኅብረት ሥራ ማኅበር በመምራት፣ በ2016 የአሜሪካን የዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶች ሽልማት ተቀብለዋል። ከፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር መውደቅ በኋላ የሽግግር መንግሥቱ የሕዝብ ሥርዓት ሕጎችን በኅዳር 2019 ቢሽርም፣ የመሥሪያ ቦታና ፈቃድ ጥያቄ አብሮ አልተፈታም። በሚያዝያ 2023 የፈነዳው ጦርነትም ገበያዎቹን አውድሞ፣ ቀድሞ የተፈናቀሉትን ሴቶች ዳግመኛ አፈናቅሏል። ስለዚህ ወደፊት በካርቱም የሚመሠረት ማንኛውም አስተዳደር ለእነዚህ ሴቶች ያመጣው ለውጥ የሚመዘነው፣ አሮጌውን ሕግ ባለመመለሱ ብቻ ሳይሆን፣ በጎዳና ለሚሠሩት የሠራተኛነት መብትና ጥበቃ በመስጠቱ ጭምር ነው።