ፋብሪካ መሥራቱን ያቆመውን ቺፕ መተካትና ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

አትክልት ተራ በአራዳ፣ በፒያሳ አካባቢ ለረጅም ዘመን የኖረ የጅምላ ገበያ ነበር። ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣው ቲማቲምና ሽንኩርት በጭነት መኪና ገብቶ ከተራገፈ በኋላ በደላላና በተሸካሚ አማካይነት ለቸርቻሪው ይከፋፈል ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተሻገረ። ቦታው ሁለት ጊዜ ቢለወጥም ጭነቱ በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚራገፍና በማን እጅ እንደሚወጣ የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩ ንግዱ በአዲሱ ቦታ ሊቀጥል ችሏል።

ከዚህ ምሳሌ እንደሚታየው፣ የአንድ ነገር ሥራ ተለይቶ ከታወቀ በሌላ አካል ሊተካ ይችላል። ይኸው ሐሳብ በኤሌክትሮኒክስ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለመምህራንም ሆነ ለዕቅድ አውጪዎች ይጠቅማል። ለዚህም የአሮጌ የቤት ኮምፒዩተሮች ቺፕ አተካክ ግልጽ ማስረጃ ነው።

የችግሩ ምንጭ

ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒዩተር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ዋና ዋና ቺፖቹን ያወጣው ኤም.ኦ.ኤስ. ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ ይህን ድርጅት የኮሞዶር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ገዝቶት ነበር። ኮሞዶር እ.ኤ.አ. በ1994 ከሰረ፤ የቺፖቹም ምርት ቆመ። ኮምፒዩተሮቹ ግን ዛሬም በብዙ ባለቤቶች እጅ ይገኛሉ፤ ከቺፖቻቸውም አንዱ ወይም ሌላው በየጊዜው ይበላሻል።

ለብልሽቱ ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ቺፖቹ በሥራ ላይ ሳሉ የሚያወጡት ከፍተኛ ሙቀት ነው። ሁለተኛው የኃይል መስጫው እርጅና ነው፤ 5 ቮልት መስጠት የሚገባው ክፍል ሲያረጅ ከመጠን በላይ እየለቀቀ ቺፖቹን ያቃጥላል። ስለዚህ ማንኛውም ቺፕ ከመለወጡ በፊት የኃይል መስጫው በመለኪያ መመርመር አለበት። ይህ ካልተደረገ አዲሱም ቺፕ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

ሥራውን መረዳት

ከሚበላሹት ቺፖች አንዱ ፒ.ኤል.ኤ. ይባላል። የኮምፒዩተሩ አንጎል ሊጠራቸው የሚችላቸው አድራሻዎች 65,536 ብቻ ናቸው። ራሙ ብቻውን ይህን ሁሉ ይሞላዋል፤ ይሁን እንጂ 20 ኪሎባይት የሚሆነው ሮምና የስክሪን፣ የድምፅና የቁልፍ ሰሌዳ መቆጣጠሪያዎችም በእነዚሁ አድራሻዎች ውስጥ ቦታ ይፈልጋሉ። በአንድ መደብ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ እኩል ቢቀርቡ አንድ ዳኛ ተራውን መወሰን እንዳለበት ሁሉ፣ በኮምፒዩተሩም ውስጥ ባለተራውን የሚወስን ክፍል ያስፈልጋል። ፒ.ኤል.ኤ. ይህን ሥራ ይሠራል፤ በ16 እግሮቹ ምልክት ተቀብሎ በ8 እግሮቹ ውሳኔውን ያስታውቃል። ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ በቀላል ምሳሌ ሊያስረዳ ይችላል። አንድ የገበያ በር ጠባቂ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፤ ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነውን? ሾፌሩ ደረሰኝ ይዟልን? ባዶ ቦታ አለን? መልሱ አዎን ሲሆን 1፣ አይደለም ሲሆን 0 ተብሎ ቢጻፍ 8 ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ይወጣል፤ በሩ የሚከፈተውም ሦስቱም 1 በሆኑበት ረድፍ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹ 16 ሲሆኑ ረድፎቹ 65,536 ይደርሳሉ። መጠኑ ቢለያይም የፒ.ኤል.ኤ. አሠራር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ምትኩን መሥራት

የመጀመሪያው ዘዴ ሰንጠረዡን እንዳለ በኢፕሮም ላይ መጻፍ ነው። 27512 የተባለው ኢፕሮም 65,536 ቦታዎች አሉት፤ እያንዳንዱም 8 ቢት ይይዛል። ስለዚህ ሙሉው ሰንጠረዥ በውስጡ ልክ ይገባል። ሁለቱም ቺፖች 28 እግር ቢኖራቸውም የእግሮቹ አቀማመጥ ስለሚለያይ በመካከላቸው አገናኝ ሰሌዳ ይደረጋል።

ነገር ግን ትክክለኛ መልስ ብቻውን አይበቃም፤ መልሱ በጊዜውና ያለ ማወላወል መምጣት አለበት። በር ጠባቂው ደረሰኙን እያነበበ ሳለ እጁን ቢያወናጭፍ፣ ሾፌሩ እንደ ፈቃድ ቆጥሮት ሊገባ ይችላል። ኢፕሮምም አድራሻው በሚለዋወጥበት ቅጽበት የተሳሳተ ምልክት ለአፍታ ሊያወጣ ይችላልና፣ ራሙ ይህን እንደ ትእዛዝ ከወሰደው መረጃ ይበላሻል። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሠራው ምትክ በሌሎቹ ላይ እክል ያሳያል።

ሁለተኛው ዘዴ ሎጂኩ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ሊጻፍበት በሚችል ቺፕ መጠቀም ነው። ከእነዚህ መካከል ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. የተባለውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው ዛይሊንክስ ነው። በዚህ ዘዴ የምልክቱን ጊዜ በተሻለ ጥንቃቄ መቆጣጠር ይቻላል። ይሁንና ብዙዎቹ የዛሬ ቺፖች በ3.3 ቮልት ስለሚሠሩ ከአሮጌው 5 ቮልት ጋር የሚያስማማቸው ዝግጅት ያስፈልጋል።

የአተካኩ ወሰን

ሁሉም ክፍል እንደ ፒ.ኤል.ኤ. በሰንጠረዥ ተጽፎ አያልቅም። ሲድ 6581 የተባለው የድምፅ ቺፕ ሦስት ድምፆችን ያመነጫል። የዲጂታል ክፍሉ በትክክል ሊገለጽ ቢችልም፣ የድምፅ ማጣሪያው አናሎግ በመሆኑ ጠባዩ ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው ይለያያል። አርምሲድና ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ.ሲድ የተባሉት ዘመናዊ ምትኮች ወደዚህ ጠባይ በእጅጉ ይቀርባሉ። ይህ ሊሆን የቻለው ግን ገና በሕይወት ያሉ ዋናዎቹ ቺፖች ተለክተው ስለተመዘገቡ ነው። መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ያልተመዘገበ ጠባይ ከሞተ በኋላ ተፈልጎ አይገኝም።

ለትምህርት ቤቶች ያለው ትርጉም

በአገራችን በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ከዓመታት በኋላ ብዙ ስክሪኖች ለጥገናና ለመለዋወጫ እጦት ከአገልግሎት ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ደግሞ ታላላቆቹ ኩባንያዎች የፕላዝማ ስክሪን ማምረት አቆሙ። የፕላዝማ መስታወት በትንሽ ቺፕ አይተካም። ሆኖም የተበላሸው መስታወቱ ይሁን ወይስ የኃይል ሰሌዳው፣ ሳይመረመር መሣሪያውን ወደ መጋዘን መወርወር ተማሪውን ትምህርት፣ መንግሥትን ገንዘብ ያሳጣል። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል።

ሀ) መሣሪያ ሲገዛ የሰርኪዩት ሥዕሉና የጥገና መመሪያው የውሉ አካል ይሁን።

ለ) እያንዳንዱ ትምህርት ቤት መሣሪያው በደህና በሚሠራበት ጊዜ ዋና ዋና ቮልቴጆቹን ለክቶ ይመዝግብ፤ ሲበላሽ ማነጻጸሪያ የሚሆነው ይህ ነው።

ሐ) የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ከመጋዘን በወጡ መሣሪያዎች ላይ፣ ከኃይል ምንጭ ከተነጠሉና በመምህር ከተመረመሩ በኋላ፣ ብልሽትን መለየት ይለማመዱ።

መ) የሎጂክ ትምህርት ከሰንጠረዥ አልፎ ሠልጣኙ ራሱ ቺፕ ላይ እስከሚጽፍበት ደረጃ ይድረስ።

የአንድ ክፍል መበላሸት ብቻውን መሣሪያን ከአገልግሎት አያስወጣም። መሣሪያው የሚወገደው ያ ክፍል ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ሲታጣ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ማፍራት ደግሞ ከማንም ይልቅ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነው።