የቀራጩ ጠረጴዛ

ሮም ውስጥ፣ ከፒያሳ ናቮና ብዙም ሳይርቅ፣ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል የፈረንሳዮች ቤተ ክርስቲያን አለ። በስተግራ ካሉት የጸሎት ክፍሎች በአንዱ፣ ቁመቱም ወርዱም ከ3 ሜትር የሚበልጥ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል፦ «የቅዱስ ማቴዎስ መጠራት»። ሠዓሊው ሚኬላንጄሎ ሜሪዚ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ካራቫጆ ብሎ ነው።

ክፍሉ የካርዲናል ኮንታሬሊ ነበር። እሳቸው በ1585 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ የሞክሼያቸው የሐዋርያው ማቴዎስ ታሪክ እንዲሣልበት ተናዝዘው ነበር፤ ሥራው ግን ለዓመታት ተጓተተ። በ1599 የ27 ዓመቱ ካራቫጆ ተረከበውና የግራና የቀኝ ግድግዳዎቹን ሁለት ሥዕሎች በአንድ ዓመት ገደማ አደረሰ። እስከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ይህን የሚያህል ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ታሪኩ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቀራጩ ገንዘብ ሲሰበስብ ኢየሱስ ይጠራዋል፤ ተነሥቶ ይከተለዋል። ካራቫጆ የያዘው በጥሪውና በመነሣቱ መካከል ያለችውን ቅጽበት ነው። ጠረጴዛውን የከበቡት አምስት ሰዎች የለበሱት የሠዓሊውን ዘመን ልብስ ነው፤ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ፣ የሐር እጅጌ፣ አንዱማ ጎራዴ ታጥቋል። አንድ ሽማግሌ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሳንቲሙን ያያል፤ ቀና እንኳ አላለም። ኢየሱስና ጴጥሮስ ግን ባዶ እግራቸውን፣ በጥንት ልብስ፣ ከቀኝ ጥግ ቆመዋል።

ባሮክ የሚባለው የዚያ ዘመን የሥዕል ስልት ኃይል እዚህ ጋ ይታያል። ኢየሱስ አብዛኛው አካሉ በጨለማና በጴጥሮስ ጀርባ ተሸፍኗል፤ የሚታየው ፊቱና የተዘረጋው እጁ ነው። እጁም በሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ሌላው ሚኬላንጄሎ ከሣለው የአዳም እጅ የተቀዳ ነው። ከእጁ በላይ ብርሃን ግድግዳውን ሰያፍ ቆርጦ ፊቶቹ ላይ ያርፋል። ሥዕሉ ውስጥ መስኮት አለ፤ ብርሃን ግን አያስገባም። ምንጩ ከሥዕሉ ውጭ በቀኝ ነው፤ የክፍሉ እውነተኛ መስኮትም ከመሠዊያው በላይ፣ በዚያው በቀኝ በኩል ይገኛል። ሥዕሉ ከክፍሉ ጋር አንድ ብርሃን የሚካፈል ይመስላል። እንደኔ ከሆነ ከጨለማው ብዛት ይልቅ የሠዓሊው ብልሃት ይሄ ነው።

ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነገርም አለ፦ ማቴዎስ የትኛው ነው? ጢማሙ ሰው ጣቱን ቀስሯል፤ «እኔን ነው?» እያለ ነው ወይስ «እሱን ነው?» እያለ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ሳንቲም የሚቆጥረውን ወጣት እያሳየ? የወጣቱ ወገኖች ሐሳብ ደስ ይላል፤ ገና ጥሪውን ያልሰማ ኃጢአተኛ ይበልጥ ልብ ይነካል። እኔ ግን ከጢማሙ ጋር ነኝ። ቀኝ እጁ አሁንም ከሳንቲሞቹ አጠገብ ነው፤ ደግሞም ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ራሱ ካራቫጆ በሣለው ሥዕል ውስጥ፣ ሲገደል የምናየው ማቴዎስ ጢማም ሽማግሌ ነው።