አረንጓዴው እሳት ከምን ይመጣል? እሳት ለሚያሽከረክሩ ልጆች የሜታኖል ነገር

ሽሮ ገንፍሎ ቡታጋዝ ላይ ሲፈስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰማያዊ የነበረው እሳት ባንዴ ቢጫ ይሆናል። ሥራውን የሠራው ሽሮው ውስጥ ያለው ጨው ነው። ጨው ውስጥ ሶዲየም አለ፤ ሶዲየም ሲግል ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። ቦሮን አረንጓዴ፣ መዳብ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ሊቲየምና ስትሮንሺየም ቀይ፣ ፖታሲየም ደግሞ ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ይሰጣሉ። ሙቀቱ የንጥረ ነገሩን ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ከፍ ያደርጋቸዋል፤ ሲመለሱ የወሰዱትን ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቁታል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ቀለም አለው።

ቲክቶክ ላይ አረንጓዴና ቀይ እሳት በሰንሰለት እያሽከረከሩ የሚደንሱት ሰዎች ምስጢርም ይኸው ነው። አዳማ ደግሞ ለሰርከስ እንግዳ አይደለችም። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ በኋላ እንደ ጅማና መቀሌ ሁሉ ናዝሬትም የራሷ ሰርከስ ነበራት። ስለዚህ ቪዲዮውን አይቶ "እኔስ ለምን አልሞክርም?" የሚል ልጅ ቢኖር አይገርመንም። ከመሞከሩ በፊት ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ በዚህ ትርኢት ውስጥ ዋናው አደጋ ያለው ከቀለሙ ይልቅ ነዳጁ ላይ ነው።

እሳት የሚያሽከረክሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙት ነጭ ጋዝ ወይም እሱን የመሰለ ነዳጅ ነው። የነጭ ጋዝ እሳት ራሱ ደማቅ ቢጫ ስለሆነና ጥቀርሻም ስላለው ሌላውን ቀለም ይውጠዋል። በዚያ ላይ ጨዎቹ ነጭ ጋዝ ውስጥ አይሟሙም። ሜታኖል የሚባለው የአልኮል ዓይነት ግን ብዙዎቹን ያሟሟል፣ እሳቱም ቀለም የለሽ ሊባል ምንም አይቀረው። ስለዚህ የገባበት ቀለም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ባለቀለም እሳት የሚፈልግ ሁሉ ሜታኖል ጋ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

ችግሩም እዚያው ላይ ይጀምራል። ነጭ ጋዝ በክብሪት ለመያያዝ የሚበቃ ትነት የሚያወጣው ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ነው። ሜታኖል 11 ወይም 12 ዲግሪ ይበቃዋል። የአዳማን፣ የመተሐራን ቀን አስቡት! ክዳኑ ተከፍቶ የተቀመጠ ሜታኖል እዚህ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ ትነቱ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ሊያገኝ ይችላል። እሳቱ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ልብስህ ተያይዞ አንተም የቆመው ጓደኛህም ሳታዩት ሰከንዶች ሊያልፉ ይችላሉ። ነፋሱን እንኳ አንርሳ፤ በአዳማ ኮረብታዎች ላይ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ተርባይን የሚያዞር ነፋስ የእሳት ሰንሰለትን ወደ ተመልካች ለመግፋት አያቅተውም።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2014 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት "የቀስተ ደመና ሙከራ" የሚባለውን፣ ማለትም ጨዎችን በሜታኖል አንድዶ ቀለማቸውን የማሳየት ሙከራ፣ እያሳየች ሳለ እሳቱ ተወርውሮ ተማሪዎችን አቃጠለ፤ አንደኛው ክፉኛ ተጎዳ። የአሜሪካ የኬሚካል አደጋዎች መርማሪ ቦርድ ስለዚሁ ሙከራ የማስጠንቀቂያ ቪዲዮ ካወጣ ገና ሳምንታት ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ አደጋ አመጣጥ ተመሳሳይ ነው፦ የጠፋ የመሰለ ወይም የደከመ እሳት ላይ ከጠርሙሱ ሜታኖል ይጨመራል፣ እሳቱ ወደ ጠርሙሱ ይገባል፣ ከዚያ እንደ ችቦ ወደ ፊት ይተኮሳል።

"ታዲያ በአረቄ ብንሠራውስ?" የሚል አይጠፋም፤ የአርሲ ነገሌ አረቄ እያለ ማለት ነው። አረቄ ውስጥ ያለው ኤታኖል ነው፣ መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ያመርት የነበረው ዓይነት። ዳግም አረቄ እንኳ ከግማሹ በላይ ውሃ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ንጹህ ኤታኖል ከሜታኖል በመርዝነቱ ይሻላል፤ በአያያዙ ግን ያው በቀላሉ የሚቀጣጠል ነዳጅ ነው፣ እሳቱም ትንሽ ቢጫ ስለሚያበዛ ቀለሙ ይደበዝዛል።

የስም መመሳሰሉ ግን ሰው ይገድላል። ሜታኖል እንደ አረቄ ጥርት ያለ ነው፣ ሽታውም የአልኮል ነው። 10 ሚሊ ሊትር የሚያህል፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ 30 ሚሊ ሊትር ሊገድል ይችላል። በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። ስለዚህ በባለቀለም ነዳጅ እሳት መትፋትም ሆነ እሳት መብላት በፍጹም አይሞከርም፤ እዚህ ላይ "በጥንቃቄ" የሚባል ነገር የለም። ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡት። በሰው ቤት፣ በዚህ ሙቀት፣ የተጠማ ልጅ ሃይላንድ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን።

የኛ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ለጀማሪ በባትሪ የሚሠሩ ባለቀለም መብራቶች ይበቃሉ፣ በቪዲዮ ደግሞ ከእሳቱ አያንሱም። በነጭ ጋዝ ለረጅም ጊዜ የሠራና አብሮት የሠለጠነ ቡድን ያለው ሰው ግን እንሞክራለን ካለ፣ ሥራው የሚሠራው ውጭ፣ ሲመሽ፣ ነፋስ በሌለበት ነው፤ ተመልካቹም ጭሱ በማይሄድበት በኩል ይቁም፣ የመዳብና የባሪየም ጭስ ለሳንባ አይሆንምና። ልብስ ጥጥ ብቻ፤ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ነዳጅ መንከሪያው ከእሳቱ ብዙ እርምጃ ይራቅ፣ ክዳኑ ይዘጋ፣ የጋለ ጨርቅ ተመልሶ አይነከር። አንድ ሰው ሥራው እርጥብ ጋቢ ይዞ መቆም ብቻ ይሁን፤ ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ሰው አይቆጠርም። ለቀለሙ ደግሞ ጨርቁን በላብ እጅ አትንኩት፤ ጥቂት ሶዲየም አረንጓዴውን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል። (አቢጃታ ዳር ለሚኖሩ ይሄ ከባድ ነው፤ ሐይቁ ራሱ ሶዳ ነው።)

ሰው ከተቃጠለ ቧንቧ ከፍታችሁ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሚባለውን ተዉት። ሜታኖል ከተዋጠ ደግሞ "ደህና ነኝ" ማለቱን አትመኑ፦ መጀመሪያ የሰከረ ይመስላል፣ የዓይን መደብዘዙና የሆድ ሕመሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ለማስመለስ አትሞክሩ። ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙም "ሜታኖል ነው" ብላችሁ በስሙ ንገሩት። መድኃኒትም የኩላሊት እጥበትም አለው፤ የሚሠራው ግን በጊዜ ከተደረሰ ነው።