የሲዲዎቻችን ሙዚቃ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ምን ያጣል?

በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ አንድ ነገር በሚገባ ያውቃል፤ ከካሴት ወደ ካሴት የተቀዳ ዘፈን እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ከቅጂው ላይ ሌላ ቅጂ ሲወሰድ ደግሞ የጀርባው ሽሽታ ይበረታል፣ የድምፃዊው ድምፅም እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህን የለመደ ሰው ሲዲዎቹን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ ያለ ገመድ ወደ ሳሎኑ ስቴሪዮ ሲልክ፣ «በዚህ ሁሉ ጉዞ ሙዚቃው ምን ያህል ተጎድቶ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስገርምም። በዚህ ጽሑፍ ከሲዲው ገጽ እስከ ስፒከሩ ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ተከትለን መልሱን ለማግኘት እንሞክራለን።

ጥያቄው የሚያስቸኩልም ነው። ሲዲ ማንበቢያ የሌላቸው ኮምፒዩተሮች በዝተዋል። በየቤቱና በየሙዚቃ ቤቱ በኮምፒዩተር የተባዙት ሲዲዎች ደግሞ መረጃውን የሚይዙት በስስ የቀለም ንጣፍ ላይ በመሆኑ ሙቀትና ብርሃን ያበላሿቸዋል።

በሲዲው ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?

የሙዚቃ ሲዲ የሶኒና የፊሊፕስ ኩባንያዎች የጋራ ሥራ ውጤት ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በሸክላ ላይ የድምፁ ሞገድ ራሱ በቦይ ቅርጽ ይቀረጻል፤ በሲዲ ላይ የምናገኘው ግን ቁጥር ብቻ ነው። የሞገዱ ከፍታ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ስለሚጻፍ ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን ይይዛል። ለግራና ለቀኝ ስፒከር ለየብቻ ሲሰላ፣ 44,100 × 16 × 2 = 1,411,200 ቢት በሴኮንድ ይሆናል።

በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ድምፅ አይጠፋምን? አይጠፋም። በናይኲስትና በሻነን ስም የሚታወቀው ቲዎረም እንደሚያስረዳን፣ በሞገዱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ከለካን፣ ከልኬቶቹ ብቻ ሞገዱን መልሰን መገንባት እንችላለን። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ በመሆኑ 44,100 በቂ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በሲዲው ላይ የሚገኙት በጥቃቅን ጉድጓዶች መልክ ሲሆን፣ የሚነበቡትም የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር በሆነ የሌዘር ጨረር ነው። የጉድጓዱ ጥልቀት በፕላስቲኩ ውስጥ ካለው የጨረሩ የሞገድ ርዝመት ሩብ ያህል ስለሆነ፣ ከጉድጓዱና ከዙሪያው የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ በዚያ ቦታ ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን ይደክማል። መሣሪያው ከዚህ የብርሃን መድከምና መበርታት አንድንና ዜሮን ያነባል።

ቅጂና ቁም ጸሐፊ

ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ የቀለሙ ድምቀትም ሆነ የብራናው ልስላሴ ከመጀመሪያው ሊለይ ይችላል። ፊደሉን ሳይስት ከጻፈ ግን ዳዊቱ ያው ዳዊት ነው። ካሴት መቅዳት የቀለሙን መልክ እንደ መኮረጅ ሲሆን፣ ሲዲ መገልበጥ ፊደሉን እንደ መጻፍ ነው። ቁጥሮቹ ሳይሳቱ ከተገለበጡ ሺኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም።

ሲዲው ቢጫርስ? ዳዊቱን በቃሉ የሚያውቅ አንባቢ አንድ ፊደል ቢጠፋ ከቀሩት ተነሥቶ እንደሚሞላ ሁሉ፣ ሲዲም የጠፋውን ለመሙላት የሚያገለግሉ ተጨማሪ ቁጥሮች አሉት። ዘዴው ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ሒሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። በሲዲ ላይ አጎራባች ቁጥሮች ተበታትነው ስለሚጻፉም፣ በንባቡ መስመር ላይ እስከ 2.5 ሚሊሜትር የሚደርስ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ሊታረም ይችላል።

ጭረቱ ከዚህ ሲበልጥ ማጫወቻው የጎደለውን በግምት ሞልቶ ያልፋል፤ አድማጩም ላያስተውለው ይችላል። ስለዚህ በምንገለብጥበት ጊዜ አንዱን ቦታ ደጋግሞ አንብቦ ውጤቱን የሚያመሳክር ፕሮግራም መጠቀም ይገባል።

ሁለት ዓይነት ማሳነስ

አንድ የ74 ደቂቃ ሲዲ 783 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይይዛል። ይህን ማሳነስ የሚቻለው በሁለት መንገድ ሲሆን፣ ልዩነታቸውን አለማወቅ የማይመለስ ጥፋት ያስከትላል።

የመጀመሪያው ምንም ሳይጥል የሚያሳንስ ነው። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፍላክ የተባለው ነፃ ፎርማት ይገኛል። ተከታታይ ልኬቶች 1000፣ 1010፣ 1020፣ 1031 ናቸው እንበል። «በየጊዜው 10 ጨምር» የሚል ሕግ ከያዝን፣ ከመነሻው ቁጥር በኋላ መጻፍ ያለብን ሕጉ የሳተውን ብቻ ነው፤ እርሱም 0፣ 0፣ 1 ነው። ትንንሽ ቁጥሮች በጥቂት ቢት ስለሚጻፉ ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ሲፈታም እያንዳንዱ ቁጥር እንደነበረ ይመለሳል።

ሁለተኛው እንደ ኤምፒስሪ ያለው ነው። ከፍተኛ ድምፅ በአቅራቢያው ያለውን ደካማ ድምፅ ከጆሮ ስለሚሸፍን፣ አይሰማም ተብሎ የታሰበው ይጣላል። በሴኮንድ 128,000 ቢት የሚይዝ ኤምፒስሪ ከሲዲው 11ኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው። በከፍተኛ መጠን የተሠራ ኤምፒስሪን ከሲዲው ለይቶ መስማት ለብዙ አድማጭ አዳጋች ነው፤ ሆኖም የተጣለው ተጥሏል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ኤምፒስሪውን ወደ ፍላክ ብንለውጠውም ፋይሉ ይተልቃል እንጂ የጠፋው አይመለስም።

ይህን የምንጽፈው ከራሳችን ስሕተት ተምረን ነው። በውጭ አገር በተማርንባቸው ዓመታት ሃርድ ዲስካችን ትንሽ ስለነበረ፣ ሲዲዎቻችንን በ128,000 ቢት ኤምፒስሪ ገልብጠን ዋናዎቹን ለጓደኞች አድለን ተመለስን። በላፕቶፕ ትንንሽ ስፒከሮች ምንም ጉድለት አልተሰማንም። ከዓመታት በኋላ በሳሎን ስቴሪዮ ስናጫውታቸው ግን የከበሮው ጸናጽል ውኃ ውስጥ እንደ ገባ ሆኖ ተሰማን። አንዳንዶቹን ሲዲዎች እስከ ዛሬ መልሰን ማግኘት አልቻልንም።

ከኮምፒዩተሩ እስከ ስፒከሩ

የፍላክ ፋይል ለመተላለፍ በሴኮንድ ከአንድ ሚሊዮን ቢት ያነሰ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ አቅም ይበቃዋል፤ የቤት ዋይፋይ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስተላልፋል። መረጃው በጥቅል በጥቅል ይላካል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ የጠፋ ጥቅል ካለ ተቀባዩ እንዲደገምለት ይጠይቃል። ሙዚቃው በዚህ መካከል የማይቆራረጠው ተቀባዩ አስቀድሞ ጥቂት ሴኮንድ ያህል ስለሚያጠራቅም ነው። የቧንቧ ውኃ መጣ ሄደ ቢልም፣ ሮቶ ያለው ቤት ሳይቋረጥበት እንደሚቀዳ ማለት ነው። ብሉቱዝ ግን በተለመደው አሠራሩ ሙዚቃውን መረጃ በሚጥል ዘዴ አሳንሶ ስለሚልክ፣ በጥንቃቄ የገለበጥነውን በመጨረሻው ሜትር ላይ ሊያጎድልብን ይችላል።

በመጨረሻ ቁጥሮቹ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ በሚለውጠው ክፍል የኤሌክትሪክ ሞገድ ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ ያጎላቸዋል፤ ስፒከሩም አየሩን ያንቀጠቅጣል። የድምፅ ጥራት ልዩነት በአብዛኛው የሚፈጠረው ከዚህ ወዲህ፣ በተለይም በስፒከሩና በክፍሉ ግድግዳዎች ነው። ስለዚህ ለውድ የኔትወርክ ገመድ የሚወጣ ገንዘብ ለስፒከር ቢውል ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ ቅጂ ታማኝ ነው እንጂ አያድስም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፓሪስ የታተሙት «ኤትዮፒክስ» የተሰኙ ሲዲዎች በርካታ የቀድሞ የአገራችን ሸክላዎችን ሙዚቃ ይዘዋል። በሲዲው ላይ የቀረ የሸክላ ኮሽታ ካለ፣ እርሱም አንድ ሳይቀር ይገለበጣል።

እንግዲህ በርዕሳችን ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ በትክክል ከተገለበጠ ምንም አያጣም። ለዚህም ሲዲውን እያመሳከሩ መገልበጥ፣ መረጃ በማይጥል ፎርማት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አንድ ሲዲ በአማካይ 450 ሚሊዮን ባይት ቢወስድ፣ 300 ሲዲዎች 135 ቢሊዮን ባይት ይሆናሉ፤ በአንድ የኪስ ፍላሽ ሊያዙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ፍላሽም ሃርድ ዲስክም አንድ ቀን ይበላሻልና፣ ሁለት ቅጂ ሠርቶ በተለያየ ቦታ ማኖር ይገባል። ዋናዎቹን ሲዲዎችም ለሰው ከማደል በፊት፣ እባካችሁ፣ የተገለበጡትን በጥሩ ስፒከር አንድ ጊዜ አዳምጧቸው።