ዋጋችሁን አትቀንሱ፤ ሥራውን አሳንሱት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ «አዲስ አበባ ባዛር ልወጣ ነው፤ ምን ይዤ ልሂድ? ስንትስ ልበል?» ለየብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው። እንደምታውቁት ሸዋ ሮቢት ተቀምጬ ስፌት እሰፋለሁ። ገበያም ባዛርም ወጥቻለሁ፤ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ የቤታችንን ገዢ እንወቅ። ከእኛ ከፍ ብሎ በደሴ መንገድ ላይ ያለችውን ሰንበቴን አስቡ። እሑድ እሑድ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ አንድ ገበያ ይውላሉ። የአፋር እናቶች የሠሩት ሰሌን፣ የአርጎባ ሸማኔ የሸመነው፣ ከመንዝ የወረደው ባና፣ ሸክላው፣ ሰፌዱ ሁሉም እዚያ አለ። በዚህ ገበያ ሰው የሚገዛው የሚገለገልበትን ነው፤ ዕቃውንም ያውቀዋል። ሰፌድ የምትገዛ እናትን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሰፌዱን ወደ ፀሐይ አንሥታ በስፌቱ መሀል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ታያለች። ቀጥላ ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ትዳብሳለች። ጀበና ስትገዛ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች፤ የነቃ ሸክላ ድምፁ ያስታውቃል። እንዲህ ያለች ገዢ ለጌጡ ብላ ብዙ አትጨምርም፤ ለጥንካሬው ግን ትከፍላለች።

ይህ የመፈተሽ ልማድ በአገራችን የቆየ ነው። ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ ወደ ታጁራ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ በነበረችበት ዘመን መገበያያው አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ነበር። ሰው ማርትሬዛውን የሚቀበለው በላዩ በተቀረጸችው ሴት ዘውድና በትከሻዋ ፈርጥ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች አለመፋቃቸውን አይቶ ነው። ገዢም ሻጭም ምልክት ይፈልጉ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ይፈልጋሉ።

የባዛሩ ገዢ ግን ሌላ ነው። ወደ አዲስ አበባ የበዓል ባዛር ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስጦታ ፈላጊ ነው። ስጦታ ደግሞ ትንሽ፣ የሚያምርና በእጅ የሚያዝ መሆን አለበት። ከውጭ የመጣ ዘመድ ከሆነ የሻንጣው 23 ኪሎ ያስጨንቀዋል፤ ትልቅ መሶብ ቢወድም ዳብሶት ያልፋል። ስለዚህ ቶሎ የሚያልቀው ሙዳይ፣ የዳቦ ማቅረቢያ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫና ነጠላ ስካርፍ ነው። ትልቁን መሶብ ግን ቤት አትተዉት። ሰው ከሩቅ አይቶ ወደ እናንተ የሚመጣው በእሱ ነው። የመሶቡ ገዢ ልጅ የሚድር ወላጅ ነው፤ እሱን ከጥር እና ከሚያዝያ ሠርግ ቀደም ብላችሁ ጠብቁት።

አሁን ወደ ዋጋው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገዢው «በዛ» ሲል እንቀንሳለን፤ ማታ ስንቆጥር የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው በታች ሠርተናል። በምሳሌ ላሳያችሁ። የቀን ዋጋችሁ 400 ብር ነው እንበል። ሙዳዩ 3 ቀን ከፈጀ 1,200 ብር የእጃችሁ ነው። ስንደዶው፣ አክርማው፣ ቀለሙ፣ ትራንስፖርቱና የቦታ ኪራዩ 300 ብር ቢደርስ 1,500 ብር ይሆናል። ገዢው ኪሱ ያለው 500 ብር ከሆነ ሙዳዩን በ500 መስጠት ሁለት ቀን ከግማሽ በነፃ መሥራት ነው። ይልቅ የብርጭቆ ማስቀመጫ በቀን ሁለት ይወጣል፤ ለእጃችሁ 200፣ ለወጪው 80 ብታስቡ በ280 ብር ስትሸጡት አንድም ቀን አልባከነባችሁም። ገዢው ባለው ገንዘብ ገዛ፣ እናንተም አልተጎዳችሁም። ያነሰው ሥራው ነው እንጂ የእጃችሁ ዋጋ አይደለም።

ሁለት ነገር ደግሞ ልጨምር። ዋጋውን በወረቀት ጽፋችሁ ዕቃው ላይ አድርጉት፤ ከሥሩም ስንት ቀን እንደፈጀ ጻፉ። ብዙ ሰው ዋጋ መጠየቅ ያፍርና ዝም ብሎ ያልፋል። ሌላው፣ እዚያው ተቀምጣችሁ ስፉ። እኔ አክርማዬን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምሄደው፤ ሲደርቅ ይሰበራል። ወስፌው ስንደዶውን ወግቶ ሲወጣ፣ አክርማው በቀዳዳው አልፎ ሲጠብቅ ያየ ሰው፣ አንዷ ዙር ስንት ጊዜ እንደምትወጋ ቆሞ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ይቀንሳል። ሸማ የምትሸጡም ጥበቡን ገልብጣችሁ ጀርባውን አሳዩ፤ በፋብሪካ የታተመው ጨርቅ ከኋላ ሲታይ ይደበዝዛል፣ በእጅ የተሸመነው ግን ክሩ ራሱ ይታያል። የዛሬው ምልክታችን ይኸው ነው።

እጃችንን የምናረክሰው ያለምክንያት አይደለም። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው በዚህ አገር ለዘመናት በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ቢቀንስም ዋጋችን ላይ ጥላው አለ። የተናቀ ሰው ሥራውን ሲሸጥ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። እኛ ይህን ልማድ ማቆም አለብን።

ገዢዎችም ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ መከራከር ባህላችን ነውና ተከራከሩ፤ ከመከራከራችሁ በፊት ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን የቀን ብዛት አንብቡ።

እህቶቼ፣ ለሚቀጥለው ባዛር አንድ ደብተር ግዙ። ዛሬ የጀመራችሁትን ስፌት ስም ጻፉ፤ ለሠራችሁበት ቀን ሁሉ ጭረት አድርጉ። ስንት ልበል ብላችሁ እኔን ከመጠየቅ ጭረቶቹን ቁጠሩ፤ ዋጋችሁ እዚያ ላይ ተጽፏል።