ኖታን ማንበብ

ሰው የሚናገረውን በፊደል፣ የሚቆጥረውን በአኃዝ ይጽፋል። የሚያዜመውንስ በምን ይጽፈዋል? አንድ መሰንቆ መቺ በዕድሜው ሙሉ ያካበተውን ዜማ ለሌላ ሳያስተላልፍ ቢሞት፣ ዜማው አብሮት ይቀበራል። ግጥሙ በወረቀት ላይ ቢገኝም እንዴት ይዜም እንደነበረ የሚያውቅ አይኖርም። ኖታ የሚባለው የሙዚቃ ጽሕፈት ይህን ጥፋት ለመከላከል ያገለግላል።

ዜማን በምልክት መጻፍ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዜማ አባት የሚባለው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። በድጓ መጽሐፍ ከቃሉ በላይ ትናንሽ ፊደሎችና እንደ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደትና ርክርክ ያሉ ምልክቶች ተጽፈው ይታያሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ምልክቶች በይበልጥ የሚያገለግሉት ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ለተማረ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ያስታውሱታል።

በአውሮፓም የጥንቱ የዜማ ምልክት ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሬዞው ጉዶ የተባለ ጣሊያናዊ መነኩሴ ዘማሪዎች ሰምተውት የማያውቁትን መዝሙር ከጽሑፍ አይተው እንዲያዜሙ ለማስቻል ምልክቶቹን በመስመሮች ላይ አስቀመጠ። ለድምፆቹም ከአንድ የላቲን መዝሙር ስንኞች መጀመሪያ ስም አወጣላቸው። ዛሬ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ የምንላቸው ስሞች ከዚያ ሥርዓት የመጡ ናቸው።

ዛሬ ኖታ የሚጻፈው በአምስት አግድም መስመሮችና በመካከላቸው ባሉት አራት ክፍተቶች ላይ ነው። መስመሮቹ የሚቆጠሩት ከታች ወደ ላይ ሲሆን፣ እንደ መሰላል ወደ ላይ በወጣን መጠን ድምፁ ይቀጥናል፤ በወረድን መጠን ይወፍራል። በመስመሮቹ መነሻ ላይ የሶል ቁልፍ የሚባለው ጥምዝ ምልክት ከተጻፈ፣ በሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ድምፅ ሶል መሆኑን ያመለክታል። ይህን ካወቅን የቀሩትን በመቁጠር እናገኛቸዋለን። ከሶል በላይ ያለው ክፍተት ላ፣ ከእርሱ በላይ ያለው መስመር ሲ ነው። ከሶል በታች ያለው ክፍተት ፋ፣ የመጀመሪያው መስመር ሚ ነው። ሬ ከመጀመሪያው መስመር ሥር፣ ዶ ደግሞ ከዚያ በታች በምትጨመር አጭር መስመር ላይ ይጻፋሉ።

የኖታው ቦታ የድምፁን ከፍታ ሲነግረን፣ ቅርጹ ደግሞ የድምፁን ርዝመት ይነግረናል። ውስጡ ባዶ የሆነና ዘንግ የሌለው ኖታ አራት ምት ይቆያል እንበል። ውስጡ ባዶ ሆኖ ዘንግ ያለው ሁለት ምት፣ ውስጡ የጠቆረና ዘንግ ያለው አንድ ምት፣ በዘንጉ ጫፍ ጭራ የተጨመረለት ደግሞ ግማሽ ምት ይቆያል። ዝምታም የራሱ ምልክት አለው።

አሁን ሙሉ ትዝታ የሚባለውን ቅኝት እንውሰድ። ቅኝቱ ከዶ ሲጀመር ድምፆቹ አምስት ናቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋና ሲ ይዘለላሉ። በደብተራችሁ ላይ አምስት መስመሮች አስምራችሁ እነዚህን ድምፆች በየቦታቸው ጻፉ፤ በሚና በሶል መካከል አንድ ክፍተት ባዶ ሆኖ ታያላችሁ። ጆሮ የለመደውን ቅኝት ዓይን ያየው ያን ጊዜ ነው።

ኖታ ግን ሁሉን ነገር ይይዛል ማለት አይደለም። የአዝማሪውን የድምፅ ንዝረትና ለዛ ምልክት አሟልቶ አይገልጸውም፤ ስለዚህ ከባለሙያ አፍና እጅ መማር ዛሬም አስፈላጊ ነው። ጆሮና ጽሕፈት ተጋግዘው ይሠራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ፊደልን በአንድ ቀን የለየ ልጅ የለም፤ ኖታም እንዲሁ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በየቀኑ ጥቂት ኖታ የሚያነብ ተማሪ ከጊዜ በኋላ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀት ላይ ለማዜም ይበቃል። የአያቱንም ዜማ ጽፎ ለልጅ ልጅ ያቆያል።

ጥያቄዎች
1. በድጓ ምልክቶችና በኖታ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. የሶል ቁልፍ ለአንባቢው ምን ያመለክታል?
3. ጸሐፊው «ጆሮና ጽሕፈት ተጋግዘው ይሠራሉ» ሲል ምን ማለቱ ነው? በራሳችሁ አባባል አስረዱ።